ከዜሮ ላይ አንድ ሲቀነስ፦ ስለ ሲው ሳይዝ-ቲ

«ብዛት መቼም ኔጌቲቭ አይሆንም፤ ስለዚህ አንሳይንድ አደረግኩት።» ድሬ ላይ ሲ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከሚማሩ ልጆች ጋር ኮድ ሳይ ይቺን መልስ ደጋግሜ እሰማታለሁ። ሐሳቡ ልክ ይመስላል። የተማሪ ቁጥር ከዜሮ በታች አይወርድም፣ የፋይል መጠንም አይወርድም፣ ታዲያ ኔጌቲቭ የማይዝ ታይፕ ብንሰጠው ምን ይጎዳል? ጉዳቱ እዚህ ጋ ነው። አንሳይንድ ታይፕ ኔጌቲቭ ቁጥር እንዳይመጣ አይጠብቃችሁም። ሲመጣ ወደ ግዙፍ ፖዘቲቭ ቁጥር ይቀይረውና ከዓይናችሁ ይሰውረዋል። ይህን ያልያዘ ሰው ኮዱ ለወራት በሰላም ሲሠራለት ይቆይና አንድ ቀን ባዶ ፋይል ሲገባበት ይወድቃል፤ ያኔ ደግሞ ባጉ የት እንዳለ ማግኘት ፈተና ነው። ስለዚህ ከሥሩ እንየው።

ሲ ውስጥ አንድ ነገር ሜሞሪ ላይ ስንት ባይት እንደሚይዝ የሚነግራችሁ «ሳይዝኦፍ» ነው። እሱ የሚመልሰው ቁጥር የራሱ ታይፕ አለው፤ «ሳይዝ-ቲ» የሚባለው ይሄ ነው። ስትርሌን የስትሪንግ ርዝመት ሲመልስ በሳይዝ-ቲ ነው። ሜሞሪ የሚሰጣችሁ ማሎክ ስንት ባይት እንደምትፈልጉ ሲጠይቃችሁ፣ ሜምኮፒ ስንት ባይት እንደሚገለብጥ ስትነግሩት፣ ኤፍሪድ ከፋይል ስንት እንዳነበበ ሲነግራችሁ፣ ሁሉም የሚነጋገሩት በዚሁ ታይፕ ነው። ባትወዱትም ታገኙታላችሁ።

ስፋቱ ግን አንድ አይደለም። ስታንዳርዱ፣ ማለትም የሲ ይፋዊ ደንብ፣ የሚለው አንሳይንድ ይሁን፣ ትልቁ ቁጥሩም ቢያንስ 65,535 ይድረስ ብቻ ነው። የተቀረው በማሽኑ ይወሰናል። በ32 ቢት ኮምፒውተር ላይ ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው። ዛሬ እጃችን ላይ ባለው 64 ቢት ላፕቶፕ ላይ 18,446,744,073,709,551,615 ይደርሳል። አርዱይኖ ኡኖ በምትባለው ትንሽ ቦርድ (በነባሯ አር3) ላይ ለድሬ ሙቀት መለኪያ ምናምን ለምትሠሩ ልጆች ደግሞ ሳይዝ-ቲ 16 ቢት ነው፣ 65,535 ላይ ያበቃል፤ የቦርዱ ራም 2,048 ባይት ብቻ ስለሆነ እሱም ተርፎ ይበቃዋል። አንድ ስም፣ ሦስት ማሽን፣ ሦስት ስፋት።

ከዚህ የተነሳ ሳይዝ-ቲን በ«አንሳይንድ ሎንግ» መተካት ልክ አይደለም። 64 ቢት ሊኑክስ ላይ እውነትም አንሳይንድ ሎንግ ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ግን ሎንግ 32 ቢት ሆኖ ስለቀረ ሳይዝ-ቲ አንሳይንድ ሎንግ ሎንግ ነው። የጓደኛችሁ ሊኑክስ ላይ ልክ ያተመው ፕሪንትኤፍ (የማተሚያው ፋንክሽን) እናንተ ዊንዶውስ ላይ የሚሳሳተው አንዳንዴ በዚህ ነው። ሳይዝ-ቲን ለማተም ከፐርሰንት ምልክቱ ቀጥሎ «ዜድ» እና «ዩ» የሚሉትን ፊደላት ጻፉ፤ ይህ ከ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

ለምን አንሳይንድ ተደረገ? ምክንያቱ የሜሞሪ እጥረት ነው። ሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ በዴኒስ ሪቺ እጅ ሲያድግ የሚሠራበት ማሽን ፒዲፒ-11 ነበር፤ 16 ቢት ማሽን ነው። በ16 ቢት ሳይንድ (ኔጌቲቭም በሚይዝ) ኢንቲጀር መቁጠር የሚቻለው እስከ 32,767 ነው። አንድ ፕሮግራም ሊደርስበት የሚችለው አድራሻ ግን 65,536 ባይት ነው። መጠን በሳይንድ ቢለካ የ40,000 ባይት አሬይ መጠኑን መናገር የሚችል ቁጥር ያጣ ነበር። አንዷ ቢት ለምልክት ከምትባክን ለቁጥር ትዋል ተባለ። በ1989 ስታንዳርዱ ሲወጣ ሳይዝ-ቲ የሚለው ስም በይፋ ገባ። ዛሬ 64 ቢት ላይ ያ ምክንያት የለም። ሳይንዱ ብቻውን ከ9 ኩዊንቲሊየን በላይ ይቆጥራል፤ ያን ያህል ራም ያለው ማሽን የለም። ግን በዓለም ላይ ያለ የሲ ኮድ ሁሉ በዚህ ታይፕ ተጽፏል፤ አሁን ተነስቶ የሚቀይረው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሐረር ሄዳችሁ የጀጎልን ግንብ ተከትላችሁ ስትዞሩ አስቡ። ሸዋ በርን ዜሮ በሉትና እያንዳንዱን እርምጃ ቁጠሩ። ሰንጋ በርንም ኤረር በርንም አልፋችሁ ዙሩን ስትጨርሱ ተመልሳችሁ ሸዋ በር፣ ዜሮ ላይ ናችሁ። ከሸዋ በር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብትሉስ? ኔጌቲቭ አንድ የሚባል ቦታ ግንቡ ላይ የለም። የቆማችሁት የዙሩ የመጨረሻ እርምጃ ላይ፣ ማለትም ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። አንሳይንድ እንደዚህ ነው። ዜሮ ላይ አንድ ስትቀንሱ 64 ቢት ማሽን ላይ 18,446,744,073,709,551,615 ታገኛላችሁ። ትልቁ ላይ አንድ ስትደምሩ ዜሮ።

ይህ ደግሞ በሲ ሕግ ስህተት አይደለም። ስታንዳርዱ በግልጽ የፈቀደው ነው። ሳይንድ ቁጥር ከልኩ ሲያልፍ ስታንዳርዱ «ምን እንደሚሆን አልናገርም» ይላል፤ ስለዚህ ስህተት አዳኝ መሣሪያዎች ሊጮኹበት ይችላሉ። አንሳይንድ ሲዞር ግን ሕጋዊ ስለሆነ ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ኤረር አይመጣም፣ ማንም ምንም አይላችሁም። ለእኔ የዚህ ታይፕ ከባዱ ነገር ይሄ ዝምታው ነው።

በጣም የተለመደውን እንይ። አሬይን ከኋላ ወደ ፊት ማተም ትፈልጋላችሁ። «ፎር (ሳይዝ-ቲ አይ = ብዛት - 1; አይ >= 0; አይ--)» ብላችሁ ጻፋችሁ። ሲያነቡት ያምራል። ግን አይ አንሳይንድ ነው፤ «ከዜሮ ይበልጣል ወይም እኩል ነው» የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁሌም አዎ ነው። ዜሮ ላይ ደርሶ አንድ ሲቀነስ ይዞራል፣ ሉፑ ይቀጥላል። የሚገርመው ቀጥሎ የሚሆነው ነው። አድራሻው ሲሰላ እሱም አብሮ ስለሚዞር፣ በተግባር ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ከአሬዩ በፊት ያለውን ሜሞሪ ማንበብ ይጀምራል። እንደዛው ወደ ታች እየወረደ ቆሻሻ ቁጥር ያትማል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እስኪያስቆመው ድረስ። አርዱይኖ ላይ የሚያስቆመው እንኳን የለም፤ ቆሻሻውን እያነበበ መኖር ነው።

መፍትሔው አጭር ነው፤ «ፎር (ሳይዝ-ቲ አይ = ብዛት; አይ-- > 0; )»። መጀመሪያ ከዜሮ ጋር ያወዳድራል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ወደ ሉፑ ሆድ ሲገባ አይ ሁሌም ልክ የሆነ ኢንዴክስ ነው። አሬዩ ባዶ ቢሆንም ሉፑ ጨርሶ አይገባም፤ የመጀመሪያው አጻጻፍ ግን ባዶ አሬይ ላይ ገና ሲጀምር ነው የሚዞረው። መጀመሪያ ስታዩት ዓይን ላይ ይከብዳል። ልመዱት።

የተደረደረ አሬይን በግማሽ በግማሽ እየከፈለ የሚፈልገው ባይነሪ ሰርች ላይም ያው ነው፣ ዳታ ስትራክቸር ኮርስ የወሰደ ሁሉ የሚያውቀው። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ኢንዴክስ ይዛችሁ መሃሉን ታያላችሁ፤ የምትፈልጉት ካነሰ «ከፍተኛ = መሃል - 1» ትላላችሁ። የምትፈልጉት ቁጥር ከአሬዩ የመጀመሪያ ቁጥር ካነሰስ? መሃል ዜሮ ይሆናል፣ ከፍተኛው ይዞራል፣ ፍለጋው ከአሬዩ ውጭ ይቀጥላል። ለፈተና የሚሰጡት ምሳሌዎች አብዛኛውን ጊዜ አሬዩ ውስጥ ያለ ቁጥር እንድትፈልጉ ስለሚጠይቁ ይህ ባግ ሳይታይ ያልፋል። ከፍተኛውን ከመጨረሻው አንድ ያለፈ ቦታ አድርጋችሁ ብትይዙት «ከፍተኛ = መሃል» ብቻ ይበቃል፤ መቀነሱ ራሱ ይጠፋል። አቦ፣ መቀነስን ማስቀረት ከተቻለ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም።

አማርኛ ስትሪንግ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ስትርሌን ባይት ነው የሚቆጥረው፣ ፊደል አይደለም። ፊደላት በባይት በሚጻፉበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ድሬዳዋ» 12 ባይት ነው፣ «ሐረር» 9 ባይት። አሁን የከተማ ስሞችን በርዝመት ልትደረድሩ ፈለጋችሁና «የሐረር ርዝመት ሲቀነስ የድሬዳዋ ርዝመት ከዜሮ ይበልጣል ወይ?» ብላችሁ ጠየቃችሁ። 9 ሲቀነስ 12፣ ኔጌቲቭ 3 ነው። ሳይዝ-ቲ ግን 18,446,744,073,709,551,613 ይላችኋል። ሐረር ከድሬዳዋ ረዘመ። «የዚህ ርዝመት ከዚያ ርዝመት ይበልጣል ወይ?» ብላችሁ በቀጥታ ብታወዳድሩ ኖሮ መልሱ ልክ ይሆን ነበር።

ከዚህ የባሰው የቀረ ቦታ ሲለካ ነው። 10 ባይት ያለው አሬይ አላችሁ፤ 10 ይበቃል ያላችሁት ፊደል እየቆጠራችሁ ነው እንበል። «አሥር ሲቀነስ የስሙ ርዝመት ከዜሮ ከበለጠ ቦታ አለ» የሚል ፍተሻ ጻፋችሁ። «ድሬዳዋ» ይገባል። 10 ሲቀነስ 12 ይዞራል፣ ግዙፍ ቁጥር ይሆናል፣ ፍተሻው «ሰፊ ቦታ አለ» ብሎ ያሳልፋል። ከዚያ ስትሪንጉ ከመዝጊያ ባይቱ ጋር 13 ባይት 10 ባይት ውስጥ ይጻፋል። እዚህ ላይ ፍተሻ ነበረ፤ ፍተሻው ራሱ ነው የዋሸው። በእንግሊዝኛ ስም ስትሞክሩት ምንም አይታይም፣ «ሐረር» ብላችሁ ስትሞክሩት እንኳን 9 ባይትና መዝጊያው ልክ 10 ሆኖ ያልፋል። በራሳችን ቋንቋ ሶፍትዌር ለመሥራት የምናስብ ሰዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል፤ ምክንያቱም የእኛ ጽሑፍ አሬይ የሚሞላው በሦስት እጥፍ ፍጥነት ነው።

የመጀመሪያው የስህተት ምንጭ መቀነስ ነበር፤ ሁለተኛው ሳይንድንና አንሳይንድን መቀላቀል ነው። ተራውን ሳይንድ ታይፕ፣ ኢንትን፣ ከሳይዝ-ቲ ጋር ስታወዳድሩ ሲ ዝም ብሎ ኢንቱን ወደ አንሳይንድ ይቀይረዋል። አንድ ፋንክሽን «አልተገኘም» ለማለት ኔጌቲቭ 1 ቢመልስላችሁና እሱን ከስትርሌን ጋር ብታወዳድሩት፣ ኔጌቲቭ 1 ከ12 አያንስም ይባላል። የትኛውም የሒሳብ መምህር የማይቀበለው ነገር ነው፤ ሲ ውስጥ ግን እውነት ነው።

አደጋው ጎልቶ የሚታየው ቁጥሩ ከውጭ ሲመጣ ነው። ርዝመት ኢንት ሆኖ ከተጠቃሚ ይመጣል፤ እናንተ «ከ64 ከበለጠ መልስ» ብላችሁ ትፈትሻላችሁ፤ ኔጌቲቭ 1 ከ64 አይበልጥም፣ ያልፋል። ቀጥሎ ሜምኮፒ ይቀበለዋል። ሜምኮፒ የሚያውቀው ሳይዝ-ቲ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ኔጌቲቭ 1 «የቻልከውን ሁሉ ገልብጥ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። በ2002 ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ በትክክል የዚህ ዓይነት ስህተት ተገኝቷል። ኔጌቲቭ ርዝመት የሰጠ ሰው ሊያየው የማይገባውን የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሜሞሪ ማንበብ ይችል ነበር። ኮዱን የጻፉት ጀማሪዎች አልነበሩም።

ሦስተኛው ማባዛት ነው፣ ከሁሉም ዝምተኛው። «ማሎክ(ብዛት * 16)» ስትሉ ብዛቱ ከውጭ የመጣ ከሆነ ተጠንቀቁ። 32 ቢት ማሽን ላይ ብዛት 268,435,457 ቢሆን፣ በ16 ሲባዛ 4,294,967,312 ነው፤ ከልኩ አልፏል፣ ዞሮ 16 ይሆናል። ማሎክ 16 ባይት በደስታ ይሰጣችኋል። እናንተ ግን ለሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ሚሊዮን ነገር ቦታ የያዛችሁ መስሏችሁ መጻፍ ትጀምራላችሁ። ኦፕን ኤስኤስኤች፣ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ፕሮግራም፣ በ2002 የተገኘበት ከባድ ክፍተት መነሻው ይሄው ነበር፤ ከኔትወርክ የመጣ ብዛት በፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ በሚይዘው ታይፕ) መጠን ተባዝቶ ለሜሞሪ ጥያቄ ቀረበ።

መከላከያው ከማባዛታችሁ በፊት ማካፈል ነው። «ብዛት ከትልቁ ሳይዝ-ቲ በ16 ተካፍሎ ከሚገኘው ከበለጠ እምቢ በል» ትላላችሁ። ወይም የማሎክን ወንድም ካሎክን ተጠቀሙ፤ ብዛቱንና መጠኑን ለየብቻ ስለሚቀበል ዛሬ ያሉት ላይብረሪዎች ማባዛቱን ራሳቸው ይፈትሹላችኋል። የተያዘ ሜሞሪን መጠን የሚቀይረው የሪያሎክ አቻ የሆነ «ሪያሎክአሬይ» የሚባል ከኦፕን ቢኤስዲ የመጣ ፋንክሽን አለ፣ ሊኑክስ ላይም ከ2017 ጀምሮ በሲ ላይብረሪው በጂሊብሲ ውስጥ ይገኛል። ሲ23 የሚባለው አዲሱ ስታንዳርድ ደግሞ ደምሮ፣ ቀንሶ ወይም አባዝቶ «አለፈ ወይስ አላለፈም» የሚነግር መሣሪያ ይዞ መጥቷል። ኮምፓይለራችሁ ከደገፈው ሌላ ምንም አትፈልጉ።

ታዲያ ከጅምሩ መጠን በሳይንድ ቢሆን አይሻልም ነበር? ይህ ክርክር ያረጀ ነው፣ የሚከራከሩትም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የሲ ፕላስ ፕላስ ፈጣሪ ቢያርኔ ስትሮስትሩፕ መጠንና ኢንዴክስ ሳይንድ መሆን አለባቸው ብሎ ለስታንዳርድ ኮሚቴው ጽፏል። ጃቫና ጎ የሚባሉት ቋንቋዎች የአሬይ ርዝመትን ሳይንድ አድርገውታል። ረስት በአንጻሩ አንሳይንዱን ይዞ፣ ቁጥሩ ሲዞር በሙከራ ጊዜ ፕሮግራሙን ያስቆመዋል፤ ለእኔ ከሁሉም የበሰለው ውሳኔ ይሄ ነው። ሲ ውስጥ ራሱ መንፈሱ እየተቀየረ ነው። ጂሊብሲ ከ2019 ጀምሮ ከሳይዝ-ቲ ግማሽ በላይ የሆነ ሜሞሪ በማሎክ ቢጠየቅ አይሰጥም። ስለዚህ የዞረ ኔጌቲቭ ለማሎክ ብትሰጡት ቢያንስ «ነል» (ባዶ አድራሻ) ይመልስላችኋል፣ መልሱን የምትፈትሹ ከሆነ።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው። ሲ የምትጽፉ ከሆነ ከሳይዝ-ቲ አትሽሹ። ሁሉንም ኢንት አድርጎ መገላገል የሚፈልጉ ልጆች አሉ፤ ግን ኢንት ላፕቶፕ ላይ 2,147,483,647 ላይ ያበቃል፣ የዛሬ ቪዲዮ ፋይል ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ለመጠን፣ ለብዛት፣ ወደ ፊት ለሚሄድ ኢንዴክስ ሳይዝ-ቲ ይሁን። የሁለት ነገር ልዩነት ስትፈልጉ ግን ልዩነት ኔጌቲቭ መሆን ይችላልና «ፒቲአርዲፍ-ቲ» የሚባለውን ሳይንድ ታይፕ ያዙ፤ ሁለት ፖይንተር ሲቀናነስ ሲ ራሱ የሚሰጣችሁ እሱን ነው። ስህተትን በኔጌቲቭ 1 ለሚነግሩ እንደ ሪድ ላሉ የሊኑክስ ፋንክሽኖች ደግሞ «ኤስሳይዝ-ቲ» አለ። መልሱን መጀመሪያ በእሱ ተቀበሉ፣ ኔጌቲቭ አለመሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሳይዝ-ቲ ቀይሩት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከቀየራችሁ በኋላ «ከዜሮ ያንሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁሌም አያንስም ነው።

ኮምፓይለሩም ይረዳችኋል፣ ግን መጠየቅ አለባችሁ። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ላይ «ዎል» የሚባለው ፍላግ ሁሉንም ማስጠንቀቂያ የሚያበራ ይመስላል፤ ሲ ላይ ግን የሳይንድና አንሳይንድ ማወዳደርን አያነሳም። «ኤክስትራ» የሚባለውን ጨምሩ፣ እሱ ይነግራችኋል፤ ሁሌም እውነት የሆነውን የሉፕ ጥያቄም ያሳያችኋል። ክላንግ የሚባለው ሌላ ኮምፓይለር ያላችሁ ደግሞ አንሳይንድ ቁጥር ሲዞር በሥራ ላይ እያለ የሚያሳውቅ ሳኒታይዘር አለው፤ ለብቻው ነው የሚበራው። ዋርኒንጉን ለማጥፋት ብቻ ፊት ለፊቱ ካስት (ታይፕ መቀየሪያ) መለጠፍ ግን ምንም አያስተካክልም። ካስት ቁጥሩን አይፈትሽም፤ ኮምፓይለሩን ዝም ነው የሚያሰኘው።

ከዚያ ኮዳችሁን በዜሮ ሞክሩት። ባዶ ፋይል ስጡት፣ አባል የሌለው አሬይ ስጡት፣ ባዶ ስትሪንግ ስጡት። በተለይ መስመር በሚያነበው ኤፍጌትስ የሰው ስም ተቀብላችሁ መጨረሻ ላይ ያለችውን የአዲስ መስመር ምልክት በ«ስትርሌን ሲቀነስ 1» የምትቆርጡበትን መስመር ፈልጉ፤ የሁላችንም ኮድ ውስጥ አለ። ስትሪንጉ ባዶ ከሆነ ያቺ መስመር ከአሬዩ በፊት ባለችው ባይት ላይ ትጽፋለች። ከላይዋ «ርዝመቱ ከዜሮ ከበለጠ» የምትል አንዲት ሁኔታ አስቀድሙላት።